ሳይጠጡ መስከር፦ ጉበት ደህና ሆኖ ጭንቅላት ሲዞር

እስቲ ይሄን ነገር እንበል። አዲስ አበባ ናችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ ማኪያቶ አዝዛችሁ ቁጭ ከማለታችሁ ከቢቸና ስልክ ይደወላል። ታናሽ ወንድማችሁ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ የእታለም ነገር እኮ እንዲያው አላማረኝም" ይላል። ምን ሆነች? "እንጃ! ቀን ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ተነስታ ትዞራለች። ትናንት ወጥ ውስጥ ስኳር ጨመረች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔን በአባባ ስም ጠራችኝ። ስትራመድ ጠላ ሲጠጣ ያደረ ሰው ነው የምትመስለው፤ እሷ ደግሞ ጠላ በአፏ አይዞርም…"

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ "ቡዳ በልቷት ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "ዛር ነው" ትላለች፣ ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የባሏ ዘመዶች ያስደረጉባት ነገር አለ" ትላለች። ፊደል ቆጥሬያለሁ የሚለው ደግሞ "የአእምሮ ነው፣ አማኑኤል ውሰዷት" ብሎ ይገላገላል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ለወባ ደሟ ታየ፤ የለም። ታይፎይድ ታየ (መቼም በእኛ አገር ታይፎይድ ሳይታይለት የሚመለስ በሽተኛ የለም)፤ እሱም የለም። ሆስፒታል ጉበቷ ተመረመረ፤ ደህና ነው። "ምንም የለባትም" ተብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ይቺ "ምንም የለባትም" የምትባል ቃል ናት ዛሬ የምታነጋግረን። ጉበቱ ደህና የሆነ አዋቂ ሰው ደሙ ውስጥ አሞኒያ የሚባለው ነገር ሲበዛ ጭንቅላቱ እንደ ሰካራም ሊዞር፣ ሲብስም ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ያው ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ድሮ ማንነቱ ሊመለስ ይችላል። የየቀኑ በሽታ አይደለም፤ ከእሱ ይልቅ ወባው፣ ማጅራት ገትሩ፣ የስኳር መውረዱ፣ ስትሮኩ ይበዛል፤ እነዚህ መጀመሪያ ይታያሉ። ነገር ግን አሞኒያ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ጉበት ስለሆነ፣ "ጉበቷ ደህና ነው" ከተባለ በኋላ ነገሩ በቀላሉ ይታለፋል።

ከግድግዳው ሥር የሚሰነፍጠው ነገር

አሞኒያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ተብሎ የተጻፈበት፣ ግን ሁሉም የሚሸናበት ግድግዳ አጠገብ ስታልፉ አፍንጫችሁን የሚሰነፍጣችሁ እሱ ነው። ትኩስ ሽንት እንደዚያ አይሸትም። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሲሰባብሩት አሞኒያ ይወጣል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ዩሪያ ደግሞ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። በቢቸና ጥቁር መሬት ላይ ለጤፍ የሚበተነው ነጭ ማዳበሪያ ስሙም ዩሪያ ነው፣ ነገሩም ያው ዩሪያ ነው። ፋብሪካው የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ጉበታችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ከምንበላው ሥጋ፣ ሽሮና ወተት፣ ሲርበን ደግሞ ከገዛ ጡንቻችን የሚወጣውን አሞኒያ እየተቀበለ ዩሪያ ያደርገዋል፤ ኩላሊት ዩሪያውን በሽንት ይጥለዋል። አሞኒያው ለአንጎል መርዝ ነው፤ ዩሪያው ግን ይህን ያህል አይጎዳም። ጉበት ሲታመም ፋብሪካው ይቆማል። ይሄ የታወቀው መንገድ ነው።

ፋብሪካው ደህና ሆኖስ? ያን ጊዜም ችግር ሊመጣ ይችላል። ወይ ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፤ ወይ አሞኒያው ፋብሪካውን ዞሮ በሌላ በር ደም ውስጥ ይገባል፤ ወይ ደግሞ ከፋብሪካው ማሽኖች አንዷ በመድኃኒት ወይም በተፈጥሮ ትለግማለች። የተለመደው የጉበት ምርመራ የሚያየው ጉበቱ መቁሰሉን ነው። ይቺን የለገመች ማሽን አያያትም።

አሞኒያው አንጎል ሲደርስ የነርቭ ሴሎችን የሚንከባከቡ ሌሎች ሴሎች ይቀበሉትና ግሉታሚን ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ግሉታሚኑ ሲጠራቀም ውሃ ይስባል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ። መጀመሪያ እንቅልፍ ይገለባበጣል፤ ፀባይ ይለወጣል፤ ጨዋ የነበረች ሴት ትሳደባለች፤ ወሬ መሃል ላይ ቃል ይጠፋል። ያስታውካል። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ መዳፏን ቀና አድርጋ እንድትይዝ ብትጠይቋት መዳፏ እንደ ወፍ ክንፍ እርግፍ እርግፍ ሊል ይችላል። ቀጥሎ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ኮማ። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ አሞኒያ በአብዛኛው በሊትር ከ50 ማይክሮሞል በታች ነው፤ 200 ከዘለለ የአንጎል እብጠት ያሰጋል።

ደግሞ ነገሩ ይመጣል ይሄዳል። ዛሬ ደህና ሆና ቡና ታፈላለች፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የገዛ ልጇን ትስታለች። ለዛር የሚሰጠውም ለዚህ ይመስለኛል፤ መጥቶ የሚሄድ ነገር እንግዳ ይመስላላ! ግን ድርቀት ሲይዛት፣ ሽንቷ ሲመረቅዝ፣ ድግስ ላይ ሥጋ ስታበዛ ይብስባት እንደሆነ ያየላት አለ?

ሽንቷ መንገድ የቀየረባት

አሁን ወደ ሞጣና ቢቸና ገጠር እንግባ። ልጅት ሳትጠና ተዳረች፤ የመጀመሪያ ምጧ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ፈጀ። የልጁ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከዳሌዋ አጥንት ጋር አጣብቆ ሥጋውን ገደለው፤ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ሽንቷ ሳታዘው ይፈስ ጀመር። ፊስቱላ ማለት ይሄ ነው። ትዳሯንም፣ ጎረቤቷንም፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆሟንም የሚያሳጣ በሽታ መሆኑን ብዙ ተብሎለታል፤ እኔ አልደግመውም።

አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ ያጋጠማቸው ይሄው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. አረፉ። ባሕር ዳር ያለው ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ለሞጣ ሴት ከአዲስ አበባ ይልቅ እሱ ይቀርባታል።

አብዛኛዎቹ ቀዳዳቸው ተሰፍቶ ደርቀው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ፊኛቸው እንዳለ አልቋል፤ የሚሰፋ ነገር የለም። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ሐኪሞች ያላቸው አማራጭ የሽንቱን መንገድ መቀየር ነው። አንዱ ዘዴ ሽንቱን በአንጀት ቁራጭ በኩል ሆድ ላይ ወደሚለጠፍ ከረጢት ማውጣት ነው። ከረጢቱ በየጊዜው መቀየር፣ መጽዳት ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የተሠራው ደስታ መንደር የዕድሜ ልክ ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ታስቦ ነው። ሌላው፣ በዓለም ላይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ዘዴ፣ ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለት ቱቦዎች ከትልቁ አንጀት ጋር መስፋት ነው። ሴትየዋ ከረጢት አትሸከምም፤ ሽንቷን በዓይነ ምድር መውጫ በኩል፣ በፈለገችው ሰዓት፣ እንደ ሰው ተቀምጣ ታወጣለች። ለዓመታት ልብሷ ረጥቦ ለኖረች ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አሁን ግድግዳውን አስታውሱ። ትልቁ አንጀት የባክቴሪያ አገር ነው። ዩሪያ የተሞላ ሽንት እዚያ ሲጠራቀም ባክቴሪያው ይሰባብረዋል፤ አሞኒያ ይወጣል፤ አንጀቱ ደግሞ መምጠጥ ሥራው ነውና ይመጥጠዋል። ብዙውን ጉበት ይይዘዋል። ከፊንጢጣ አካባቢ ያለው ደም ግን ከፊሉ በጉበት በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ልብ ስለሚሄድ አሞኒያውን ይዞት ያልፋል። ለዓመታት ምንም ላይሆን ይችላል። ከዕለታት አንድ ቀን ድርቀት፣ ወይም የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ወይም ሽንትን ለረጅም ሰዓት ይዞ መቆየት ሲጨመርበት ጭንቅላቷ ይዞራል። ጉበቷ ቢመረመር ጤነኛ ነው።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት በየሦስት አራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ተነስታ፣ መቀመጥ አለባት የሚባለው። በሉ እንግዲህ ከሞጣ ተነስቶ በቢቸና፣ በደጀን አልፎ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ አስቡት። ሾፌሩን "አንዴ አቁምልኝ" ማለት አፍራ፣ እህል ውሃ ሳትቀምስ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ይዛ ትመጣለች። እናንተ ዘንድ ስትደርስ "መንገዱ አድክሟት ነው፣ ትተኛ" ትላላችሁ። ከሁለት ቀን በኋላም ካልነቃችስ?

ብዙዎቹ ሴቶች ይህን ታሪካቸውን ለአዲስ ጎረቤት ቀርቶ ለሁለተኛ ባላቸው እንኳ ላይናገሩ ይችላሉ። ሐኪሙም ሆዷ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አይቶ "ምን ተደርጎልሽ ነበር?" ብሎ ካልጠየቀ፣ ከአንጀቷ የጀመረ ነገር መሆኑን በምን ያውቃል? የምታውቁት እናንተ ከሆናችሁ ግን በሹክሹክታም ቢሆን ለሐኪሙ ብቻ ንገሩት። ምስጢሯን አወጣችሁ አይባልም። ሕክምናውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፤ በቀጭን ቱቦ የተጠራቀመውን ሽንት ማውጣት፣ ሆዷን የሚያለሰልስ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕና ለባክቴሪያው መድኃኒት መስጠት፣ የደሟን አሲድ ማስተካከል ነው።

ከከተማ የምትልኩት ኪኒን

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ እናንተን ይመለከታል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን ከከተማ ገዝታችሁ ለዘመድ የምትልኩት እናንተው ናችሁ።

የሚጥል በሽታ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አግኝተዋል። በገጠሩ የኖረው መድኃኒት ርካሹ ፌኖባርቢታል ነው። እሱ አልበቃ ሲል ሶዲየም ቫልፕሮኤት ይታዘዛል፤ ዴፓኪን በሚል ስምም ይታወቃል። ለሚጥል በሽታ ብቻም አይደለም፤ ስሜታቸው ከልክ በላይ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰዎች፣ ለከባድ ራስ ምታትም ይሰጣል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ከላይ ያልኳችሁን የፋብሪካውን ማሽን ያለግማል። አሞኒያን ለማስወገድ የሚረዳውን ካርኒቲን የሚባል ነገርም ከሰውነት ያመናምናል። መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል ብዙዎቹ አሞኒያቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ጥቂቶቹ ናቸው የሚፈዙት።

እነዚያ ጥቂቶች ላይ የሚደርሰው ነገር ይገርማል። የጉበት ምርመራቸው ደህና ይሆናል። በደማቸው ያለው የመድኃኒቱ መጠንም ልክ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በቀናት በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም የመጣበት አለ። በተለይ ፌኖባርቢታል ላይ ቫልፕሮኤት ሲደረብ ዕድሉ ይጨምራል፤ ቶፒራሜት የሚባለው ሲደረብም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ ራሱ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። ቤተሰብ "በሽታው ባሰበት" ይላል። ስልክ ወደ ከተማ ይደወላል፤ ተጨማሪ ኪኒን ይላካል፤ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። አሞኒያው ይጨምራል። እንደገና ይወድቃል። እንደገና ይጨመራል… ልጁ ሲብስበት የሚያየው ሁሉ "መድኃኒት እንኳ አልበገረውም" ይላል። የጎዳው ያው መድኃኒት መሆኑን የሚጠረጥር አይገኝም።

እዚህ ላይ አደራ! ይሄን አንብቦ "በል ኪኒኑን ጣለው" ብሎ የሚደውል እንዳይኖር። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሳያባራ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሊገድልም የሚችል ነገር ያመጣል። መድኃኒቱን የሚያቆመውና በሌላ የሚተካው ሐኪም ነው፤ ካርኒቲንም የሚሰጠው እሱ ነው። የእናንተ ሥራ "ቫልፕሮኤት ይወስዳል፣ ከተጨመረለት ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ፈዝዟል፤ አሞኒያው ይታይልን" ማለት ነው። እግረ መንገዴን፣ ይሄው መድኃኒት ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ መውለድ የምትችል እህት ያላችሁ ሐኪሟን ስለዚህም ጠይቁላት።

አባባ ሽንት ሲከለክላቸው

ይሄ አጭር ነው። ፕሮስቴታቸው ያበጠ አዛውንት ሽንት ይይዛቸዋል። ታፍኖ በተቀመጠው ሽንት ላይ ዩሪያ ሰባሪ ባክቴሪያ ከገባበት፣ ፊኛቸው ውስጥ ያ ግድግዳ ተፈጠረ ማለት ነው። አሞኒያው ከፊኛው በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፤ አባባ ይቀባዥራሉ። "ዕድሜ ነው፣ ጃጁ" ተብለው ይተዋሉ። ሽንታቸው በካቴተር ሲወጣና ኢንፌክሽኑ ሲታከም ጭንቅላታቸው የተመለሰ አዛውንቶች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። እንግዲህ የጃጀ አባት ያለው ሁሉ መጀመሪያ ሆዳቸውን ከእምብርት በታች ይዳስስ።

ሾተላይ፣ አራስ ቤትና ፋሲካ

የመጨረሻው ዓይነት ከሁሉም ብርቅ ነው፤ ግን በእኛ አኗኗር ውስጥ በቀላሉ የሚደበቅ ስለሆነ ልተወው አልቻልኩም። ከተፈጥሮ የፋብሪካው አንዷ ማሽን ደካማ ሆና የሚወለዱ ሰዎች አሉ። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት በእናት በኩል የሚተላለፍ ሲሆን የሚበረታውም በወንዶች ላይ ነው፤ ወንድ ሕፃናት በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈዝዘው፣ ጡት አልጠባ ብለው ይሞታሉ። በአገራችን ልጆቿ እየሞቱ የምታስቸግር እናት "ሾተላይ አለባት" ትባላለች። ሾተላይ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። ወንዶቹ ብቻ እየተመረጡ የሚሞቱበት ቤት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

እናትየው ራሷ ግማሽ ጉልበት ያላት ማሽን ይዛ ዕድሜ ልኳን ጤነኛ ልትኖር ትችላለች። አንዳንዶቹ ከልጅነታቸው ሥጋ አይወዱም፤ ሲበሉ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ሰው "ቅምጥል" ይላቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ማሽኗ ከአቅሟ በላይ ይጫንባታል። ዋናው አጋጣሚ ወሊድ ነው። ልጇን በሰላም ተገላግላ፣ ገንፎው ተገንፍቶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ በሳምንት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አራሷ ትቀባዥራለች። "አራስ ብቻዋን አትተውም ብዬ ነበር" ይባላል፤ ቢላዋ ትራሷ ሥር ይደረጋል። የወሊድ ጭንቀትም፣ ኢንፌክሽንም፣ የደም ግፊትም ይሄን ያመጣሉ፤ አሞኒያም ከነዚህ አንዱ ነው።

ሌላው አጋጣሚ ረሃብና ጥጋብ ነው። ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሳይበላ ሲቆይ የገዛ ጡንቻውን ይበላል፤ አሞኒያ ይወጣል። በአንዴ ብዙ ሥጋ ሲገባም እንዲሁ። 55 ቀን ሁዳዴ ጾሞ በፋሲካ ማግሥት ቁርጥ ላይ መቀመጥ ለጤነኛ ሰው ሆድ ቢነፋ እንጂ ጭንቅላት አያዞርም፤ ጾም ያሳብዳል ያለ የለም። ለዚች ማሽኗ ለደከመች ሴት ግን ሁለቱም ጫፍ ከባድ ነው። ጠበል የምትወስዷትም ከሆነ ውሰዷት፣ ግን እየቀባዠረች ሳለ "ሱባዔ ይዛለች" ብላችሁ ባዶ ሆዷን ቀናት አታቆይዋት፤ ሐኪም እስክታገኝ ድረስ መዋጥ ከቻለች ስኳር ያለው ነገር፣ ማር በውሃ፣ አጥሚት ስጧት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሩ።

ሌላም አለ፦ ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለውፍረት ተብሎ ውጭ አገር የሚሠራ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና (ዳያስፖራ ዘመድ ያላችሁ ልብ በሉ)። እነሱን በዚሁ እንለፋቸው።

ስልኩ ሲደወል

ወደ ተግባሩ እንምጣ። የአሞኒያ ምርመራ ውስብስብ አይደለም፤ አመል ግን አለው። ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ላይ ተቀምጦ ወዲያው ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ከቆየ አሞኒያው በብልቃጡ ውስጥ ራሱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ውሸት ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ "ደሟን ሞጣ ቀድተን በአውቶቡስ እንላክ" የሚባል ነገር አይሠራም። ምርመራው ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ያለባት በሽተኛዋ ራሷ ናት። አሞኒያዋ በጣም ከፍ ካለ ለኩላሊት በሽተኞች በሚሠራው ማሽን ደሟ ሊታጠብ ይችላል፤ ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው፤ ይሄም ያለው ትልልቅ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ አንገት መገተር፣ በአንድ ጎን መስነፍ ካለ ግን የአሞኒያን ነገር ትታችሁ በቅርብ ያለው ሆስፒታል ዛሬውኑ ያድርሷት።

ጉዞው እስኪዘጋጅ ደግሞ ወንድማችሁ እዚያው ቢቸና ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። የምትወስዳቸውን ኪኒኖች ስም ሳይሆን ካርቶኖቹን ራሳቸውን በፌስታል ይያዝ፤ ስም በስልክ ሲነገር ይበላሻል። መቼ እንደተጀመሩ፣ መቼ እንደተጨመሩ ይጻፍ። ሽንቷ የት እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሸናች፣ ሆዷ ስንት ቀን እንደደረቀ ይጠየቅ፤ ወንድ ልጅ ሆኖ እህቱን ይሄን መጠየቅ ካፈረ እናቱን ይላክ። በቤተሰቡ ስንት ወንድ ሕፃን እንደሞተ አያት ያውቃሉ። ከፊስቱላ ሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት ካለ ደግሞ የሚገኘው በአብዛኛው ከጥሎሽ ልብሷ ጋር ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ነው፤ እሱን አውጥቶ ይዞላት ይምጣ።